«የክረምት ጎማ» እና የእኛ ክረምት፦ በድቅል መኪና ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ

ሰኔ መባቻ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ቢሮዬ ብቅ ብሎ «ዘንድሮስ ተዘጋጅቻለሁ» አለኝ። ወላጆቹ የሚኖሩት አዲ አርቃይ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ አድርጎ ሊማሊሞን በመውረድ እናቱን መጠየቅ ልማዱ ነው። መኪናው ያገለገለች ቶዮታ ፕሪየስ ስትሆን፣ ዝግጅት ያለው ደግሞ በብዙ ወር ቁጠባ የገዛቸው አራት ያገለገሉ ጎማዎች ናቸው። ሻጩ «ንጹሕ የክረምት ጎማ» ብሎ ሸጦለታል። ወርጄ ባየኋቸው ጊዜ ጥርሳቸው ገና ጥልቅ ነበር፤ በጎናቸውም ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ በተራራውም መካከል የበረዶ ቅንጣት ተቀርጿል። ባልደረባዬ ምልክቱን ሲያይ የስሜን ተራሮችን አስቦ ደስ እንዳለው ነገረኝ።

ሻጩ አልዋሸም። ጎማዎቹ በእርግጥ የክረምት ጎማዎች ናቸው፤ ክረምቱ ግን የእኛ አይደለም። ይህ ጽሑፍ በዚያ ቀን ቆመን የተነጋገርነውን ነገር ለአንባቢ በሚመች መልኩ ያቀርባል። በየዓመቱ በሰኔ ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሚነሣ ለብዙዎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ሁለት ክረምቶች

በአማርኛ ክረምት ስንል ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን የዝናብ ወራት ማለታችን ነው። በአውሮፓ ቋንቋዎች በዚህ ቃል የሚተረጎመው ወቅት ግን ምድር የምትቀዘቅዝበትና ውኃ የሚረጋበት ነው። ለምሳሌ በስዊድን መንገዱ በረዶ ወይም ውርጭ ሲለብስ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 ድረስ በክረምት ጎማ መንዳት በሕግ ግዴታ ነው። የዚያ ሕግ ዓላማ ዝናብን መከላከል አይደለም፤ ከዜሮ በታች የሆነን መንገድ ነው።

በእኛ ደጋ የብርዱ ጊዜ የሚመጣው በበጋ ነው። ምክንያቱ ቀላል የሙቀት ፊዚክስ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ሌሊቱን በደመና ስለሚሸፈን መሬት ወደ ላይ የምትለቀው የሙቀት ጨረር ከፊሉ ይመለሳል፤ ደመናው እንደ ጋቢ ያገለግላል ማለት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር ሙቀቱ ያለ ከልካይ ይሄዳል፤ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ባሉት የስሜን ቦታዎችም ማለዳ ላይ ውርጭ ይታያል። እንግዲህ መንገዱ እጅግ እርጥብ በሚሆንበት ወራት አይቀዘቅዝም፤ በሚቀዘቅዝበት ወራት ደግሞ ደረቅ ነው። በረዶ ቢዘንብ እንኳ አስፋልት ላይ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው። የአውሮፓው የክረምት ጎማ የተሠራው ብርድና እርጥበት አብረው ለሚመጡበት አገር ስለሆነ፣ በእኛ ዘንድ ሁለቱ የማይገናኙ መሆናቸው ሥራውን ግማሽ በግማሽ ያሳጣዋል።

ላስቲክ ለምን ይይዛል

ጎማ መንገድን የሚይዘው ከሁለት ብረቶች ሰበቃ በተለየ መንገድ ነው። አስፋልት በቅርብ ሲታይ የጠጠር ጉብታዎች የሞሉበት ሸካራ ገጽ ነው። ላስቲኩ በጉብታው ላይ ሲያልፍ ይጎደጉዳል፣ ከዚያም ይመለሳል። ሲመለስ ግን የተሰጠውን ኃይል ሁሉ አይመልስም፤ ከፊሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ «ኪሳራ» ነው መኪናዋን የሚያቆማት። ስለዚህ በመሬት ላይ ሲጣል ከፍ ብሎ የሚነጥር ላስቲክ ለፍሬን ደካማ፣ ዝፍት ብሎ የሚቀር ላስቲክ ደግሞ ለፍሬን ጠንካራ ነው።

ላስቲክ እጅግ ሲቀዘቅዝ እንደ መስተዋት ይደርቃል። ይህ የሚሆንበት የሙቀት መጠን ለመኪና ጎማ ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ ርቆ ይገኛል፤ ታዲያ የጎማ አምራቾች ከ7 ዲግሪ ሴልሲየስ በታች የክረምት ጎማ ተጠቀሙ የሚሉት ለምንድን ነው? መልሱ በፍጥነት ውስጥ ነው። በሚንሸራተት ጎማ ሥር እያንዳንዱ የላስቲክ ነጥብ በሴኮንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ይጎደጉዳል፤ የላስቲክ ሰንሰለቶችም ለመንቀሳቀስ ጊዜ ያጥራቸዋል። ለላስቲክ ጥድፊያ እንደ ብርድ ነው። ስለሆነም መደበኛው ጎማ በ5 ዲግሪ ላይ በእጅ ሲነካ ለስላሳ ቢመስልም በፍሬን ጊዜ ደርቆ ይገኛል። የክረምት ጎማ ውህድ ይህን ለማስቀረት ይበልጥ ለስላሳ ሆኖ ይሠራል፤ በጥርሶቹም ላይ በረዶን የሚነክሱ ብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች ይበጁለታል።

ይህንኑ ጎማ ወደ ሞቃት መንገድ ስናመጣው ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል። ለስላሳው ጥርስ በስንጥቆቹ ምክንያት ወዲያና ወዲህ ይተጣጠፋል፣ ይሞቃል፣ ፈጥኖ ያልቃል፤ በደረቅም ሆነ በእርጥብ ሞቃት መንገድ ላይ የመቆሚያ ርቀቱ ከመደበኛው ጎማ ይረዝማል። የጎንደር የሐምሌ ቀን ሃያ ዲግሪ ገደማ ነው። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ቆላ ስንወርድማ አየሩ በበጋ ሠላሳን ያልፋል፤ ፀሐይ የመታው አስፋልት ከዚያም በላይ ይሞቃል። ለስዊድን ጫካ የተበጀ ላስቲክ እዚህ ምን ይሠራል?

ውኃው በሜዳ፣ ቁልቁለቱ በሊማሊሞ

ባልደረባዬ «ታዲያ ጥልቅ ጥርስ መልካም አይደለምን?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በወገራ ደጋ ላይ ረዘም ያለ ቀጥ ያለ ቦታ ስላለው ሾፌሮች ይፈጥኑበታል። አንድ ጎማ 3 ሚሊ ሜትር ውኃ በተኛበት መንገድ ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በየሴኮንዱ 13 ሊትር ያህል ውኃ ከፊቱ ማስወገድ ይኖርበታል፤ ሃያ ሊትር የሚይዘውን ቢጫ ጀሪካን በሴኮንድ ተኩል እንደመሙላት ነው። ጥርሱ ይህን ውኃ ማሳለፍ ካልቻለ ጎማው በውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ መሪም ፍሬንም ሥራ ያቆማሉ።

በናሳ ለአውሮፕላን ጎማ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተገኘ አንድ ቀላል ቀመር ጥርሱ ያለቀ ጎማ የሚንሳፈፍበትን ፍጥነት ይገምታል። የጎማውን ንፋስ በጎሚስታው መለኪያ፣ ማለትም በፒ.ኤስ.አይ. ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን በ16.7 ብታባዙት ፍጥነቱን በኪሎ ሜትር በሰዓት ታገኛላችሁ። 32 የተነፋ ጎማ 94 አካባቢ ላይ ይንሳፈፋል፤ ንፋሱ ወደ 22 የወረደ ግን ገና በ78። ንፋስ ማስለካት በነጻ ወይም በጥቂት ብር የሚገኝ የደኅንነት ዋስትና መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሊማሊሞ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ጣልያኖች በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) በገደሉ ላይ በቀደዱት ጥምዝምዝ መንገድ ማንም 90 አይነዳም። እዚያ የሚያሰጋው ቁልቁለቱ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት፣ ሾፌሩ ለማሰብ የሚወስደውን ጊዜ ሳንቆጥር፣ የፍጥነቱ ስኩዌር ለሰበቃ ቁጥሩ፣ ለስበት (9.8) እና ለሁለት ብዜት ሲካፈል ይገኛል። በደረቅ አስፋልት የሰበቃ ቁጥሩን 0.7 ብንል በሜዳ 14 ሜትር ይሆናል። በእርጥብ አስፋልት 0.4 ብንል 25 ሜትር፣ ጥርሱ ባለቀ ጎማ ወይም ጭቃ በተነጠፈበት አስፋልት 0.25 ብንል 39 ሜትር ነው።

አሁን በመቶ ሜትር ስምንት ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት እንጨምር። በግምት ከሰበቃ ቁጥሩ ላይ 0.08 ይቀነሳል። ደረቁ ከ14 ወደ 16 ሜትር ከፍ ይላል፤ ምንም አይደለም። እርጥቡ ከ25 ወደ 31 ይሄዳል። ሦስተኛው ግን ከ39 ወደ 58 ሜትር ይዘላል! ያው አንድ ቁልቁለት በመልካም ጎማ ላይ ሁለት ሜትር፣ በመጥፎ ጎማ ላይ አሥራ ዘጠኝ ሜትር ያስከፍላል። ሊማሊሞ ጉም ሲለብስ አሥራ ዘጠኝ ሜትር ምን ማለት እንደሆነ መንገዱን የሚያውቅ አንባቢ ይረዳዋል።

ለመጠምዘዣውም እንዲሁ ነው። የመዞሪያው ራዲየስ 15 ሜትር ቢሆን፣ በእርጥብ መንገድ (0.4) ሳይንሸራተቱ መዞር የሚቻለው እስከ 28 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሆን በ0.25 ግን እስከ 22 ብቻ ነው። ይህም እየዞሩ ፍሬን ካልያዙ ነው። ጎማ ያለው የመያዝ አቅም አንድ ኪስ ነው፤ ለፍሬን ያወጣነው ለመዞር አይተርፍም። ከመጠምዘዣው በፊት ፍጥነት ቀንሶ፣ በመጠምዘዣው ውስጥ ፍሬን ለቆ መዞር የተባለው የድሮ ሾፌሮች ልማድ ከዚህ የመጣ ነው።

በነገራችን ላይ የሰኔ የመጀመሪያ ዝናቦች ከነሐሴ ዶፍ ይልቅ አደገኞች ናቸው። በበጋ የተጠራቀመው አቧራ፣ ዘይትና የጎማ ፍቅፋቂ ሳይታጠብ ከጥቂት ውኃ ጋር ተለውሶ እንደ ሳሙና ይሆናል።

ድቅል መኪና ቁልቁለት ላይ

ድቅል ወይም «ሃይብሪድ» የሚባለው መኪና የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር አብረው የሚያንቀሳቅሱት ነው። በገፍ ተመርቶ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው፣ ፕሪየስ፣ በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ። ብልኃቱ ፍሬን ሲያዝ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ የመኪናውን እንቅስቃሴ ወደ ባትሪ ይመልሰዋል። ከተማ ውስጥ ይህ ድንቅ ነው። ሊማሊሞ ላይ ግን እስቲ እንቁጠረው።

መኪናው ከተሳፋሪዎቹ ጋር 1500 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 1500 × 9.8 × 1000 ጁል፣ ማለትም 4.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ከደባርቅ እስከ ዛሪማ ያለው ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነ ይህ ዝቅተኛው ግምት ነው። መንገዱ በ20 ኪሎ ሜትር ርዝመት ቢወርድ የጎማ መንከባለልና አየር አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳሉ። ሦስት ይቀራል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ያለው ባትሪ የሚይዘው በጠቅላላው 1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ኮምፒዩተሩም ባትሪው እንዳይጎዳ በመካከለኛው ክልል ብቻ ስለሚያሠራው በተግባር የሚገኘው ቦታ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። በመንገድ ላይ የሚባክነውን ብናስብ እንኳ፣ ከሺህ ሜትሩ የመጀመሪያዎቹን 150 ወይም 300 ሜትር እንደወረድን ባትሪው ይሞላል።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ እንደማንኛዋም መኪና ናት። የቀረው ኃይል በሙሉ ወደ ፍሬን ዲስኮች ቢገባና ዲስኮቹ ምንም ባይበርዱ፣ ሃያ ኪሎ ግራም ብረት ሙቀቱ ከ800 ዲግሪ በላይ ይጨምር ነበር። እርግጥ ነፋስ ያቀዘቅዛቸዋል። ነገር ግን ድቅል መኪና በከተማ ፍሬኗን እምብዛም ስለማትጠቀም ዲስኮቹ ዝገው፣ ሸራዎቹም በአግባቡ ሳይፈተሹ ኖረው ድንገት ይህ ሥራ ይጠብቃቸዋል። የዲስኩ ሙቀት ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬው ወደ ጎማው ያልፋል፤ ያረጀ ጎማም በሙቀት ይበልጥ ይዳከማል። በፕሪየስ ማርሽ ላይ «ቢ» የሚል ቦታ ያለው ለዚህ ጊዜ ነው። ቤንዚን ሳይቃጠል ሞተሩን በማዞር ብቻ የመኪናውን ኃይል ያባክናል። ብዙ ባለቤቶች «ቢ» የባትሪ ምልክት ይመስላቸዋል፤ በሞተር ፍሬን መያዝን ነው የሚያመለክተው። ከደባርቅ መውጫ ጀምሮ እዚያ ላይ ማድረግ ይገባል።

ለጎማ ምርጫ የሚመለከተን ነጥብ ሌላ ነው። በፕሪየስ ኃይል መላሹ ፍሬን የሚሠራው በፊት እግሮች ብቻ ነው። አንደኛው የፊት ጎማ እርጥብ ቦታ ላይ መንሸራተት ሲጀምር ኮምፒዩተሩ ኃይል መመለሱን ትቶ ወደ ዘይት ፍሬኑ ይሻገራል፤ በዚህ ቅጽበት ሾፌሩ መኪናዋ ወደ ፊት የለቀቀች ያህል ሊሰማው ይችላል። ጎማዎቹ የተለያየ ዓይነት ወይም የተለያየ ጥርስ ካላቸው ይህ ይደጋገማል። የፊቶቹም ፈጥነው ስለሚያልቁ በየአሥር ሺህ ኪሎ ሜትሩ ከኋላዎቹ ጋር ማቀያየር ይጠቅማል። ገንዘብ አጥሮ ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ የሚገዛ ሰው ወደ ኋላ ቢያስገባቸው ይመከራል፤ የኋላው ካመለጠ መኪና በራሱ ላይ ይዞራልና። ጎሚስታው ይህን ሲሰማ ይገረም ይሆናል።

ፍጹም የኤሌክትሪክ መኪናዎችም እየበዙ ነው፤ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ይበልጥ። እነርሱ በባትሪያቸው ምክንያት ይከብዳሉ፤ ስለዚህ ጎማቸው ላይ የተጻፈውን የጭነት ቁጥር ማየት ግዴታ ነው። ባትሪያቸው ትልቅ በመሆኑ ግን ቁልቁለቱን ሊጠቀሙበት ይችላሉ፣ ቦታ ካለ። ደባርቅ ላይ ባትሪውን እስከ አፉ ሞልቶ የሚነሣ ሰው ኃይል መላሽ ፍሬኑን እዚያው ትቶት ይወርዳል። ከመቶው ሃያ ያህል ባዶ ይተውለት።

ምን እንግዛ

ለጎንደር፣ ለደባርቅና ለአዲ አርቃይ መንገድ የእኔ ምርጫ በእርጥብ መንገድ ላይ በሚገባ የሚይዝ መደበኛ ጎማ ነው፤ አውሮፓውያን «የበጋ ጎማ» የሚሉት፣ በእኛ አነጋገር ግን ለክረምታችን የሚስማማው! የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አዲስ ጎማ ላይ እንዲለጠፍ ያዘዘው መለያ ሁለት ፊደላት ይሰጠናል። አንዱ ለነዳጅ ቁጠባ፣ ሌላው ለእርጥብ መንገድ ነው። ድቅል መኪና የገዛ ሰው ዓይኑ ወደ ነዳጁ ይሄዳል። የመንከባለል እንቅፋት በመቶ አሥር ቢቀንስ የሚተርፈው ነዳጅ በመቶ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። ለእርጥብ መንገድ «ኤ» ወይም «ቢ» የሆነውን ይዞ በነዳጁ አንድ ደረጃ ዝቅ ማለት የሚያዋጣ ይመስለኛል።

የተራራና የበረዶ ምልክቱን ይዞ ለሞቃትም ወራት የተበጀ የሁለገብ ወቅት ጎማ አለ። ይህ መካከለኛ ነው፤ አያስነቅፍም፣ ግን በእኛ መንገድ ለማይመጣ በረዶ ተጨማሪ ዋጋ መክፈል ነው። በጎን ላይ «ኤም» እና «ኤስ» የሚሉ ፊደላት ብቻ ያሉት ደግሞ ጭቃና በረዶ ማለቱ ነው፤ ያለ ፈተና አምራቹ ራሱ የሚጽፈው ስለሆነ ከሰፊ ቦይ በቀር ብዙ አያረጋግጥም። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ፣ ከዚያም ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ወደሚያልፈው ወደ ቧሂት በር የሚወጣ ሰው ጎማ ሳይሆን መኪና ይቀይር፤ የፕሪየስ ሆድ ከመሬት ያለው ከፍታ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ያገለገለ ጎማ መግዛት ግድ ከሆነ ሁለት ነገር መመርመር ይገባል። አንደኛው ጥርሱ ነው። የክብሪት እንጨት በቦዩ ውስጥ አቁማችሁ በጥፍር ምልክት አድርጉና በማስመሪያ ለኩት። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛ 1.6 ሚሊ ሜትር ቢሆንም ክረምታችንን በ4 ጀምረን በ3 ብንጨርሰው መልካም ነው። ሁለተኛው ዕድሜው ነው፤ ብዙዎች የሚታለሉት እዚህ ላይ ነው። በጎኑ ከ«ዲ.ኦ.ቲ.» ቀጥሎ አራት አኃዝ ይገኛል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይነግራሉ። ዓመቱ ግን የፈረንጅ ነው። «3516» የሚለውን አይቶ «የ2016 ዓ.ም. ነው፣ ገና አዲስ» የሚል ገዢ ተሳስቷል፤ ጎማው የተሠራው በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ነው። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል፤ በደጋችን የበረታው የፀሐይ ጨረር ደግሞ ያፋጥነዋል።

ስለ ንፋስ አንድ ነገር ልጨምር። ደባርቅ ላይ የተነፋ ጎማ ቆላ ሲወርድ የውጭው የአየር ግፊት ስለሚጨምር በመለኪያው ላይ መቀነስ አለበት፤ ለሺህ ሜትር 1.3 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ። አየሩ በስድስት ወይም በሰባት ዲግሪ ስለሚሞቅ ደግሞ አንድ ያህል ይጨምራል። ሁለቱ ሊጣፉ ጥቂት ነው የሚቀራቸው፤ ስለዚህ ጠዋት በቀዘቀዘ ጎማ በትክክል የነፋ ሰው በመንገድ ላይ ንፋስ ማስወጣትም መጨመርም አያስፈልገውም። ቁልቁለት ወርዶ በጋለ ጎማ ላይ «በዝቷል» ብሎ ማስወጣት ስሕተት ነው።

ሙከራ ለተማሪዎች

ባልደረባዬ ጎማዎቹን ለሻጩ መለሰና ጥቂት ብር ጨምሮ መደበኛ ጎማ አገኘ፤ አንዱን ግን ጎኑ የተሰነጠቀ ስለነበር ሻጩ አልቀበልም አለ። እርሱን ለቤተ ሙከራችን ወሰድነው። እናንተም ከጎሚስታ ቤት የሁለቱን ዓይነት ጎማ ቁራጭ ብታገኙ፣ እኩል መጠን ያላቸውን አራት ማዕዘኖች ከጥርሱ ቁረጡ። መጀመሪያ በክፍል ሙቀት በጥፍር ተጫኗቸው፤ ከዚያ ሌሊቱን በፍሪጅ በረዶ ቤት አሳድሯቸውና እንደወጡ ወዲያው ደግማችሁ ተጫኑ። መደበኛው ይበልጥ ደርቆ ታገኙታላችሁ። ቀጥሎ ከአንድ ሜትር ከፍታ ትንሽ የብረት ኳስ በየቁራጩ ላይ ጣሉና ስንት ሴንቲ ሜትር እንደነጠረ መዝግቡ፤ ቁራጮቹ እየሞቁ ሲሄዱ በየአምስት ደቂቃው ድገሙት። ከፍታውን ከሙቀቱ ጋር በግራፍ አስቀምጡ፤ ኳሱ ዝቅ ብሎ የሚነጥርበት ሙቀት ያ ላስቲክ በፍሬን ጊዜ ብዙ ኃይል የሚያባክንበት ነው።